በካዝና የተቆለፈ ድረ-ገጽ

ሰው ድረ-ገጽ ከፍቶ ወገቡን ያመዋል ቢሉኝ ድሮ እስቅ ነበር። አሁን አልስቅም። ወገቤን ያመኛል፤ ጉልበቴን ያመኛል፤ ቦርሳ አንጠልጥዬ ሂርናና አሰቦት በሚኒባስ የተመላለስኩበት ትከሻዬም ወደ አንድ ጎን እንዳዘነበለ ቀርቷል። ሐኪሙ «ከባድ ዕቃ አንስተው ነበር እንዴ?» ሲለኝ «ድረ-ገጽ» አልኩት። ቀና ብሎ አየኝና የደም ግፊቴን መለካት ጀመረ።

ስለዚህ ለሐኪሙ ያልነገርኩትን ለእናንተ ልንገራችሁ። ተቀምጣችሁ ስሙኝ፤ እኔም ተቀምጬ ነው የማወራው፣ ብዙ መቆም አልችልምና።

ጡረታ የወጣሁ የጂኦግራፊ አስተማሪ ነኝ። የጭሮን ልጆች አይተው የማያውቁትን ውቅያኖስ ስም እያስሸመደድኩ ሽበት አወጣሁ። ሚስቴ አስካለ የፎቶ አንሺ ልጅ ናት። አባቷ ጋሽ ወልዴ፣ ከተማችን ጭሮ አሰበ ተፈሪ ብቻ ተብላ በምትጠራበት ዘመን ከመኪና ማቆሚያው አጠገብ ፎቶ ቤት ነበራቸው። ሲሞቱ ለልጃቸው የተዉላት አንድ የእንጨት ሳጥን ነው። ሳጥኑ ውስጥ ያለው ሰው ተነስቶ ሳይወስደው የቀረ ፎቶ ነው። አንዱ ወታደር ነበርና ተዛውሮ ሄዷል፤ አንዷ ሩቅ አገር ተድራለች፤ ሌላው እንዲሁ ረስቶታል። አማቼ አንዱንም አልጣሉም። ሊያርፉ ሲሉ «አስካሌ፣ የሰው ፊት ነው፤ ባለቤቶቹ ይውሰዱት» ብለዋታል። ሚስቴ ይህን ስትናገር ዛሬም ድምፅዋ ይለወጣል።

አስካለ ሳጥኑን ዓመት በዓመት እያወጣች አቧራውን ትጠርግና መልሳ ታስገባዋለች። «እነዚህን ሰዎች እንዴት ነው የማገኛቸው?» ትለኛለች። እኔም ዓመት በዓመት «እስቲ እናስብበት» እላለሁ። ጡረታ ስወጣ ግን ማሰብ ግዴታ ሆነብኝ፤ ቤት ስውል የማይታሰብበት ነገር የለማ።

ፌስቡክ ላይ እንልቀቀው አልኳት። «የሰው እናት ፊት ሥር ስድብ ሊጻፍ?» አለችና ነገሩን ዘጋችው። እኔም በልቤ ደስ አለኝ። እውነቱን ልናገርና፣ የራሴ ድረ-ገጽ እንዲኖረኝ እፈልግ ነበር። ከላይ ስሜ በትልቁ ተጽፎ፣ ከሥሩ «መምህር» የሚል። ስሜ ከጥቁር ሰሌዳ ላይ በወር ስንት ጊዜ ሲጠፋብኝ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ይህቺ አትበዛብኝም።

ኢፍቱ የምትባል የድሮ ተማሪዬ አለች። አሁን ከመሥሪያ ቤቶቹ በአንዱ የኮምፒውተር ባለሙያ ናት። ሄጄ ሳማክራት፣ ድረ-ገጽ የሚያስቀምጡ ድርጅቶች በየዓመቱ በውጭ ገንዘብ ኪራይ እንደሚጠይቁ ነገረችኝ። ፊቴ ሲጠቁር አይታ ነው መሰል አዘነችልኝ።

«ኪራይ የሌለው መንገድ አለ ቲቸር» አለችኝ። «ድረ-ገጹ ሌላ አገር አይቀመጥም። እርስዎ ኮምፒውተር ላይ ነው የሚኖረው። ሰው ሲከፍተው ያየው ነገር እሱም ጋ ይቀራል። ከዚያ እሱም በተራው ለሌላው ያቀብላል። የእርስዎ ቢጠፋ የእሱ አለ።»

«ብዙ ሰው ሆኖ አንድ ነገር መሸከም ነው?»

«እህ! እንደ ጉዛ ይበሉት። ሰው ተጠራርቶ የአንዱን ማሳ ያርስ የለ? እንደዚያ ነው። ግን ቲቸር፣ ጉዛ ላይ ቆሞ የሚያይ ሰው የለም። የማይከፍተው ሰው አልሠራም ማለት ነው። ያልከፈተው ገጽ እሱ ጋ አይኖርም። ገብቶዎታል?»

«በሚገባ!» አልኳት። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ተማሪ «ገብቶኛል» ሲለኝ እንዳልገባው ከዓይኑ የማውቅ ሰው ራሴን አላወቅሁትም። እሷ ስትናገር እኔ ስሜ በአረንጓዴ ይጻፍ በሰማያዊ እያልኩ ነበር።

ፎቶዎቹን አንድ በአንድ በስካነር ወደ ኮምፒውተሬ ማስገባት ወር ተኩል ፈጀብኝ። ግድግዳችን ላይ በፍሬም የተሰቀለውን የአማቼን የራሳቸውን ፎቶ ሳይቀር አውርጄ፣ ከመስተዋቱ አውጥቼ አስገባሁት። አስካለ «ሌላው የሰው ነው፤ ይሄ ግን የኔ ነው፤ እንዳታበላሽብኝ» ብላኛለች። የአባቷ ሌላ ፎቶ የላትም። ፎቶ አንሺ ሰው ሌላውን ሲያነሳ ይኖራል እንጂ ራሱ ለመነሳት ጊዜ የለውም።

ከዚያ ድረ-ገጹ መግቢያ ያስፈልገዋል ብዬ ተቀመጥኩ። መግቢያ የሌለው ነገር አልወድም። ስለ ፎቶግራፍ ጥቅም ጀመርኩና ስለ ጭሮ ከተማ አቀማመጥ፣ ከዚያ ስለ ምዕራብ ሐረርጌ የአየር ጠባይ፣ ከዚያ ስለ ራሴ የማስተማር ዘመን ጻፍኩ። አስራ አራት ገጽ ሆነ። በመጨረሻው ገጽ ግርጌ ላይ፣ እንደ ማኅተም ይሁን ብዬ፣ የአማቼን ፎቶ አስቀመጥኩ። አንባቢ ሁሉን አንብቦ ሲጨርስ እሳቸው ብቅ ይሉለታል፤ እንዴት ያምራል እያልኩ እጄን አሻሸሁ።

ያን ሰሞን ዝናብ ጣራችንን በስቶ ሳጥኑን አራሰው። ደግነቱ ሁሉም ኮምፒውተር ውስጥ ገብቷል። ግን ፎቶዎቹ እንዳይጣበቁ ብዬ በማግስቱ ግቢ ውስጥ ሰሌን አንጥፌ ፀሐይ ላይ ዘረጋኋቸው። አማቼንም ከሰዎቹ መሀል አስተኛኋቸው፤ ከፍሬሙ ወጥተው ሳጥኑ ውስጥ ነበሩና። ከዚያ ሻይ ልጠጣ ገባሁ።

የጭሮን ፍየል የማታውቁ ሰዎች አላችሁ። ሰው ቅሞ የሚጥለውን የጫት ገረባ እየበላ ያደገ ፍየል፣ በዓለም ላይ አይበላም የሚባል ነገር እንዳለ አልሰማም። የጎረቤት ፍየሎች አምስት ሆነው ገቡ። ስወጣ ሰሌኑ ላይ የቀረው የአንድ ወታደር ኮፍያና የአንዲት ሙሽራ ግማሽ ትከሻ ነው። ትልቁ ፍየል እያየኝ ያኝካል። የሚያኝከው ማን እንደሆነ ለመጠየቅ አልደፈርኩም።

አስካለ ከገበያ ስትመለስ ሰሌኑን አየች፣ ፍየሎቹን አየች፣ እኔን አየች። ተንበርክካ የአባቷን ፎቶ ፈለገች። አጣችው።

«ኮምፒውተሩ ውስጥ አለ አይደል?» አለችኝ ቀና ሳትል።

«አለ።»

«እርግጠኛ ነህ?»

«እንደ ራሴ!»

እሷም ተነስታ ባዶውን ፍሬም ከጠረጴዛ ላይ አንስታ ወደ ቦታው ሰቀለችው።

ፍላሽ ላይ ለምን አልገለበጥክም የምትሉኝ ካላችሁ፣ ገልብጫለሁ። ፍላሹን አንድ ፎቶኮፒ ቤት ሰክቼ መግቢያዬን ሳሳትም ቫይረስ ይዞት ተመለሰ፤ አራት መቶ ምናምን ሰው ባንድ ቀን ወደማይከፈት ቢጫ ምልክት ተለወጠ። ከዚያ ወዲህ ፎቶን ለፍላሽ አላምንም ብዬ ማልኩ፤ ስለዚህ ያለኝ ኮምፒውተሬ ብቻ ሆነ፤ ድረ-ገጹም እዚያው ላይ ነው የሚኖረው።

እሱ ደግሞ የሚኖረው መብራት ሲኖር ነው። የእኛ መብራት ሲሄድ አይሰናበትም፣ ሲመጣም አያንኳኳም። ድሬዳዋ ያለ የድሮ ተማሪዬ ደወለልኝ።

«ቲቸር፣ ድረ-ገጽዎ የለም።»

«መብራት ሄዶ ነው።»

«እኔ ጋ እኮ መብራት አለ።»

«እኔ ጋ የለም። ድረ-ገጹ ደግሞ እኔ ጋ ነው የሚኖረው። እንደ ማናችንም ተቀምጦ መብራት እየጠበቀ ነው።»

ልጁ ጤንነቴን ጠየቀኝ። ሰው ስለ ድረ-ገጼ ሲያወራኝ መጨረሻው ጤንነቴ ላይ ነው።

የግድ ሌሎች ሰዎች ጋ መቀመጥ አለበት አልኩ። ኢፍቱ አንዴ ከፍታው ነበር፤ ግን የከፈተችው ፎቶዎቹ ከመግባታቸው በፊት ነው፤ እሷ ጋ ያለው ስሜ ብቻ ነው፣ በአረንጓዴ። ስለዚህ የምተማመንባቸውን ሰዎች መምረጥ ጀመርኩ። ሰው እምነት የሚጥልባቸው፣ የያዙትን የማይለቁ፣ ትልልቅ ሰዎች። አስቡት፤ ከመላው ምዕራብ ሐረርጌ ሁለት ብቻ አገኘሁ።

የመጀመሪያው ሂርና የሚኖሩት ጫት ነጋዴው ሀጂ ዩስፍ ናቸው። ልጆቻቸውን በሙሉ አስተምሬያለሁ። ጫት መብራት መጣ አልመጣ ብሎ የሚጠብቅ ነገር አይደለምና ቢሯቸው ውስጥ ጄኔሬተርም ኢንተርኔትም አለ። ልጃቸው ስትዳር ትታው የሄደችው ላፕቶፕም አለ። ፕሮግራሙን በፍላሽ ይዤ፣ በዚያ በጠመዝማዛው መንገድ እየተናወጥኩ ሂርና ወረድኩ።

«ኮቱ፣ ኮቱ መምህር! ታኢ!» ብለው ጠሩኝና አጠገባቸው አስቀመጡኝ።

ያን ቀን ኔትወርክ አልነበረም። እኔም ፕሮግራሙን ጫንኩና፣ ስልሳ አራት ፊደልና ቁጥር ያለውን የድረ-ገጹን አድራሻ ከወረቀት ላይ እያየሁ ጻፍኩ። ሁለት ጊዜ ተሳሳትኩ። ሀጂ ሻይ አስመጡልኝ፤ ሦስተኛ ጊዜ ተሳሳትኩ። ሲያልቅ፣ ኔትወርክ ሲመለስ ከፍተው እንዲያዩት ልነግራቸው ይገባኝ ነበር። ጉዛ ነው፣ እርስዎም ይሥሩ ማለት ነበረብኝ። ግን ጉዛ ስትሉት ሰው ስንት ቀን ነው ብሎ ይጠይቃችኋል። እኔ ደግሞ ነገሩ እንዲከብድላቸው ፈለግሁ። እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ፣

«ሀጂ፣ አደራ» አልኩ።

ፊታቸው ተለወጠ። ሻዩን አስቀመጡ።

«አማና ነው?»

«አማና ነው።»

«ምንድን ነው ውስጡ ያለው?»

«የሰው ፊት ነው። ባለቤቶቹ እስኪመጡ የሚቀመጥ። ማንም እንዳይነካካው።»

ያቺን የመጨረሻዋን ለምን እንዳልኩ ፈጣሪ ይወቀው። ልጅ እንዳይጫወትበት ብዬ ይሆናል። ሀጂ ተነስተው እጃቸውን ታጠቡ። ከዚያ «ቢስሚላህ» ብለው ላፕቶፑን በሁለት እጃቸው ተቀበሉኝ። እኔም ልቤ ሞልቶ ወደ ጭሮ ተመለስኩ።

ሁለተኛው አሰቦት ያሉት መሪጌታ ኅሩይ ናቸው። ቤታቸው ጣራ ላይ ሶላር አላቸው፤ አሰቦት ደግሞ ሌላ ቢጠፋ ፀሐይ አይጠፋም። ድካም ልቀንስ ብዬ አድራሻውን በስልክ ላነብላቸው ሞከርኩ።

«ኤፍ» አልኩ።

«ኤፍ» አሉ።

«ሰባት።»

«በፊደል ነው በቁጥር?»

«በቁጥር።»

ሃያኛው ላይ ስንደርስ አንድ እንግዳ መጣባቸው። እንግዳው ሲሄድ «የት ነበርን?» አሉኝ። እኔም ጠፍቶብኛል። ከኤፍ ጀመርን። በሦስተኛው ዙር ስልኩ ተቋረጠ። በማግስቱ ቁልቁለቱን ወርጄ፣ ሚኤሶን አልፌ፣ ሙቀቱ ሸሚዜን ከጀርባዬ ጋር አጣብቆት አሰቦት ደረስኩ። ፕሮግራሙን ጫንኩላቸው። ልክ ስጨርስ የኮምፒውተሩ ባትሪ ስላለቀ፣ አድራሻውን በወረቀት ሰጠኋቸው። «የሰው ፊት ነው፣ አደራ» አልኳቸው። መሪጌታም ወረቀቱን ተቀብለው ሳሙት። ያኔ አንድ ነገር መጠርጠር ነበረብኝ። የኢንተርኔት አድራሻ የሚስም ሰው አይቼ አላውቅም።

ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ የሕይወቴ ምርጥ ሁለት ወር ነው። አስካለ «እንዴት ነው?» ስትለኝ «ሦስት ከተማ ተቀምጧል፤ ጭሮ፣ ሂርና፣ አሰቦት። አንዱ ቢወድቅ ሁለቱ አሉ» እላታለሁ። ካርታ ላይ ሳይቀር አሳይቻታለሁ።

እዚህ ላይ ስለ ከማል መናገር አለብኝ። ከማል ከቤታችን ፊት ለፊት ያለው ፀጉር አስተካካይ ነው። ጥሩ ሰው ነው፣ እጁም ቀላል ነው፣ ግን ምንም ነገር መያዝ አይችልም። ለእሱ ጠዋት የነገራችሁት ከሰዓት በኋላ ጫት ተራ ይሰማል፤ ያውም ተጨምሮበት። ነገሩን እንዴት እንደሰማ አላውቅም፣ አንድ ቀን ጢሜን እያነሳልኝ፣

«ጋሼ፣ እኔስ? የኔ ኮምፒውተር ቀኑን ሙሉ ዘፈን እንደከፈተ ነው። ባትሪም ገዝቻለሁ። እኔ ጋም ይቀመጥ» አለኝ።

«አይ ከማል» አልኩት። «ይሄ የአደራ ነገር ነው።»

«እኔ አደራ አልችልም?»

መልሱን ሁለታችንም እናውቀዋለን። እሱም ቅር ሳይለው አንገቴን በፎጣ ጠረገኝና ሌላ ወሬ ጀመረ።

ሁለተኛው ወር እንዳለቀ አንድ ቀን እኩለ ቀን ላይ መብራት ሄደና ተመለሰ። ሲመለስ በጉልበት ነው የተመለሰው። አምፖሉ ነጭ ሆኖ በራ፣ ፍሪጁ እንደ ሰው አቃሰተ፣ ኮምፒውተሬ ደግሞ «ጧ» አለና ቀጭን ጭስ ለቀቀ። ጠጋኙ ዘንድ ወሰድኩት። ከፈተው፤ አሸተተው። ሐኪም ቤት በር ላይ እንደምናየው ዓይነት ራሱን ነቀነቀ።

«ማዘርቦርዱ ሄዷል።»

«ውስጡ ያለው ነገርስ?»

«ሃርድ ዲስኩም አብሮ ነው የተቃጠለው ጋሼ።»

አልደነገጥኩም! በእውነት አልደነገጥኩም። እንዲያውም ኮራሁ። «ግድ የለም፣ ሂርናና አሰቦት አለ» ብዬው ወጣሁ። ጠጋኙ እስከ በሩ ድረስ በዓይኑ ሸኘኝ። ለአስካለም «የኛው ተቃጥሏል፤ ነገ ከሀጂ ጋ አመጣዋለሁ» አልኳት። እሷ ግን ግድግዳው ላይ ያለውን ባዶ ፍሬም አየችና «ነገ?» አለችኝ። «ነገ» አልኳት።

ሂርና ስደርስ ሀጂ ዩስፍ አዩኝና ፊታቸው በራ።

«መምህር! መጣህ? አልሐምዱሊላህ! አማናህ ደህና ነው!»

ቁልፍ ከኪሳቸው አወጡ። ወደ ጓዳ ገብተው የብረት ካዝና ከፈቱ። ከቤት ካርታና ከውል ወረቀት አጠገብ፣ በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አወጡ። ጨርቁን ፈቱት። ሌላ ጨርቅ አለ። እሱንም ፈቱት። ላፕቶፑ ወጣ፤ አቧራ እንኳ አልነካውም።

«ሀጂ… ከፍተውታል?»

«እኔ?» አሉ ደንግጠው። «ወላሂ! ማን እንዲነካው! አንተ በሄድክበት እግር ነው ያስገባሁት። ባለቤቴ ልየው ብትለኝ አሳየኋት? አላሳየኋትም። ሁለት ወር ሙሉ ቁልፉ ከኔ ኪስ አልወጣም። አማና ብለህ ሰጥተኸኝ እንዴት እነካዋለሁ?»

ላፕቶፑን ሰክተን ከፈትነው። አድራሻው እኔ እንደጻፍኩት ቁጭ ብሏል። ያን ቀንም ኔትወርክ የለም፤ ከሥሩ ነጭ ገጽ አለ። ካዝና ውስጥ ኔትወርክ አይገባም፤ ያልተከፈተ ገጽም አይመጣም። ሀጂ ነጩን ገጽ ትኩር ብለው አዩት።

«ምን ጎደለ?» አሉኝ። «መምህር፣ ከዚህ የጎደለ ነገር ካለ ንገረኝ። እኔ እከፍላለሁ።»

ምን ልበላቸው? እኚህን ሰው የሚያህል ታማኝ በዞኑ ውስጥ የለም። «ምንም አልጎደለም ሀጂ፤ እንዳስቀመጥኩት ነው» አልኳቸው። እውነቴን ነው። አንድ ነጭ ገጽ ሰጥቻቸው ነበር፣ አንድ ነጭ ገጽ መለሱልኝ። ለመንገዴ አንድ እስር ጫት ሲሰጡኝ ጥርስ የለኝም ማለት እንኳ አቃተኝ፤ ታቅፌው ተመለስኩ።

አሰቦት የሄድኩት ተስፋ ኖሮኝ አይደለም። ሰው የታመመ ዘመዱ እንደሞተ እያወቀም ሐኪም ቤት ይሄዳል። መሪጌታ ኅሩይ በደስታ ተቀብለውኝ ወረቀቴን ከዳዊታቸው መሀል አወጡ። እጥፋቱ እንኳ አልተለወጠም።

«እዚህ ነው ያለው» አሉኝ። «ከዳዊቱ ጋር ጠዋት ጠዋት አየዋለሁ።»

«ኮምፒውተሩ ላይ አልጻፉትም?»

«ምን ነካህ መምህር! የሰው ፊት ነው ብለኸኝ፣ ያለ ፈቃድ ገልጬ ልይ? ሰዎቹን አላውቃቸው፣ አያውቁኝ።»

ተቀመጥኩ። ውሃ ሰጡኝ። ጠጣሁ። ደግመው ሰጡኝ። በዚህች ምድር ላይ ሁለት ታማኝ ሰዎች መርጬ፣ ሁለቱም በታማኝነታቸው ባዶ አደረጉኝ። ጥፋቱ የእነሱ አይደለም። ጉዛ የተባልኩትን አደራ ብዬ የሰጠሁት እኔ ነኝ። ኢፍቱ የነገረችኝ ሁሉ በሚኒባሱ ውስጥ ቃል በቃል ትዝ አለኝ፤ ተማሪዎቼም ፈተናው ካለፈ በኋላ ነበር ሁሉ ነገር ትዝ የሚላቸው።

ለአስካለ ነገርኳት። ሽንኩርት እየከተፈች ነበር፤ ቢላዋውን አስቀመጠች።

«የአባቴም?»

«የሁሉም።»

«ባለቤቶቹ ይውሰዱት ነው ያለኝ» አለች። «አንድ ሰው እንኳ ሳይወስድ።» ከዚያ ቢላዋውን አንስታ መክተፏን ቀጠለች። ዓይኗ ያነባል፤ ከሽንኩርቱ ይሁን ከእኔ መጠየቅ አልቻልኩም። በሕይወቴ እንደዚያን ቀን ራሴን ጠልቼ አላውቅም።

ሁሉ ነገር የጠፋበት ሰውም ቢሆን ጢሙ ያድጋል። በሦስተኛው ቀን አስካለ «እንደ ሐዘንተኛ አታስመስለኝ፣ ተላጭ» ብላ ወደ ከማል ሰደደችኝ። «እኔ አደራ አልችልም?» ካለኝ ቀን ወዲህ አፍሬው ቤቴ ነበር የምላጨው። ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩ። ቀና ብዬ መስተዋቱን ሳይ ክው አልኩ።

በመስተዋቱ ዙሪያ ሰዎች አሉ። ጥቁርና ነጭ ሰዎች። ሙሽራዋ በሙሉ ትከሻዋ አለች። ወታደሩ ከኮፍያው ሥር ፊት አለው። ከጎናቸው በወረቀት የታተሙ፣ በፕላስተር የተለጠፉ ሌሎች ብዙ ፊቶች አሉ።

«ከማል» አልኩ። «ይሄ ከየት መጣ?»

ምላጩን ይዞ ወደ ኋላ ፈቀቅ አለ።

«ጋሼ፣ አይቆጡኝ። የዛን ቀን አድራሻ ያለበትን ወረቀት እዚህ መደርደሪያው ላይ ረስተው ሄዱ። ልመልስልዎት ነበር። ከዚያ ወረቀቱ ላይ ስሙ የተጻፈውን ፕሮግራም ከኢንተርኔት አወረድኩና እስቲ አንዴ ልየው አልኩ። ከዚያ ደንበኞች ወረፋ ሲጠብቁ እስቲ ክፈትልን ይሉኛል። ይሄን ክፈት፣ ያን ክፈት። አንዱ ‹ይሄ የአጎቴ ፊት ነው› ይላል። ሌላው ‹ይቺ እናቴ ናት፣ ወላሂ እናቴ ናት› ብሎ እዚሁ አለቀሰ፤ ግማሽ ፀጉሩን ተቆርጦ። ከዚያ ለሰፈራቸው ይነግራሉ። ከበዴሳ ሳይቀር መጥተዋል። አንድ ሠላሳ ሰው የሚሆን ፎቶውን አሳትሞ ወስዷል። ይቅርታ ጋሼ፣ አደራ መሆኑን አውቃለሁ፤ ግን ያው እኔን ያውቁኛል።»

አረፋ እንደተለቀለቅሁ ከወንበሩ ተነሳሁ። አቀፍኩት። ሸሚዙን በሳሙና አበላሸሁበት። ከዚያ ግማሽ ፊቴ ነጭ እንደሆነ መንገዱን ተሻግሬ አስካለን ጠራሁ። ባጃጅ ሊገጨኝ ነበር፤ ሾፌሩ የተሳደበውን ስድብ እንኳ ወደድኩት።

አስካለ ከከማል ኮምፒውተር ፊት ተቀመጠች። አንድ በአንድ ከፈተች። ብዥ ያሉ፣ ጀርባቸውን የሰጡ፣ ማንም ልክፈታቸው ያላላቸው ጥቂቶች ጎድለዋል። ሌላው ሁሉ አለ። ከማል አጠገቧ ቆሞ ማን ማንን እንደወሰደ ይነግራታል። እሷ ትስቃለች፣ እንባዋን ትጠርጋለች፣ ደግሞ ትስቃለች። እኔም በዚያ የደከመ ጉልበቴ ስቆም ድካሜን ረሳሁት። ከዚያ ዘወር አለች።

«የአባቴስ?»

ከማል አየኝ። እኔ መሬት አየሁ።

«የትኛው ነው ጋሼ?» አለ።

«መግቢያው መጨረሻ ላይ ያለው።»

ከማል ራሱን አከከ።

«መግቢያውን ሞክረን ነበር… ወላሂ ሞክረናል። ሁለተኛው ገጽ ላይ አንድ ደንበኛዬ ግማሽ ጢሙን እንደያዘ ሊነሳብኝ ሲል ዘጋሁት። ከዚያ ወዲህ ማንም አልከፈተውም።»

ገጹን ሞከርነው። አንደኛው አለ። ሁለተኛው አለ። ከሦስተኛው ጀምሮ ነጭ ነው። እስከ አስራ አራተኛው ድረስ ነጭ ነው።

መንገዱን ተሻግረን ቤት ገባን። አስካለ ፍሬሙ ሥር ካለው ወንበር ላይ ተቀመጠች። ወዲያው አልተቆጣችኝም፤ ድካም ነው የታየባት፤ የኔ ዓይነት የሚኒባስ ድካም ሳይሆን የሷ ዓይነት።

«ስንት ገጽ ነበር የጻፍከው?»

«አስራ አራት።»

«ስለ አባቴ ስንቱ ነው?»

አሰብኩ። ስለ አየር ጠባይ በጻፍኩበት ቦታ፣ በሁለት ዝናቦች መሀል፣ «ፎቶ አንሺው ጋሽ ወልዴም በዚህ ዘመን ይሠሩ ነበር» ብያለሁ።

«አንድ መስመር» አልኩ። አፈርኩ። የሰውዬውን ልጅ አግብቼ፣ ቤታቸው በልቼ ጠጥቼ፣ ፊታቸውን ከራሴ ወሬ ኋላ ያስቀመጥኩ እኔ ነኝ። ፍየሉ እንኳ ከእኔ ይሻላል፤ ቢያንስ ርቦት ነው።

አስካለ ተነስታ ከመሳቢያው ደብተርና እስክሪብቶ አመጣች። ፊቴ አስቀመጠችው።

«ጻፍ» አለችኝ። «እኔ እነግርሃለሁ።»

ደብተሩን ከፈትኩ። ከላይ «መግቢያ» ብዬ ጻፍኩና ከሥሩ አሰመርኩ። እስክሪብቶውን ከእጄ ወሰደች፣ ሰረዘችው፣ መልሳ ሰጠችኝ።

«አባቴ አጭር ነበር» አለች። «ረጅም ሰው ሊያነሳ ሲል ወንበር ላይ ይወጣል። ሰውዬው እንዳይስቅበት ብሎ መጀመሪያ ራሱ ይስቅ ነበር።»

ጻፍኩት። ሁለት መስመር ሆነ።

«ከዚያስ?» አልኳት።

«ቀስ በል» አለችኝ። «ገና ከወንበሩ አልወረደም።»